ለቀብራችን ዕድር አለን፤ ለክራራችንስ?

ከሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ

በኦክላንድና በሳን ሆዜ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አንድ ነገር አጥርተን እናውቃለን፤ ሰው ሲሞት የሚደረገውን። ስልክ ይደወላል፣ የለቅሶው ቤት ይነገራል፣ ምግቡ በተራ ይመጣል፤ አስከሬኑ ወደ ሀገር ቤት የሚላክ ከሆነም ገንዘቡ በቀናት ውስጥ ይሟላል። በዚያ ሰዓት "ኮሚቴ እናቋቁምና እንወያይበት" የሚል ሰው የለም። ደንቡ ቀድሞ ተጽፏል፣ መዋጮው ቀድሞ ተከፍሏል፣ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ቀድመው ተመርጠዋል። ዕድር ማለት ወላጆቻችን "ስትራቴጂካዊ ዕቅድ" የሚል ቃል ሳይሰሙ ያወረሱን ስትራቴጂካዊ ዕቅድ ነው።

ታዲያ ይኸው ሞትን በዕቅድ የሚቀበል ሕዝብ ሕያው ሙያ ሲሞትበት ምን ያደርጋል? በዚህ በቤይ ኤሪያ ማሲንቆ የሚመታ፣ ክራር የሚደረድር፣ እስክስታ የሚያስተምር፣ ቅኔ የሚዘርፍ፣ መድረክ ላይ ያደገ ተዋናይ ሞልቷል። ብዙዎቹ ሌሊት ታክሲና ኡበር ይነዳሉ፣ ሆቴልና ሆስፒታል ውስጥ ፈረቃ ይሠራሉ። መሣሪያው አልጋ ሥር ወይም ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ማሲንቆን የሚያውቁት በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሏል ይኼ ነው።

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ዜማ ቅኝት ላስተምር አልነሣም። ስለ ዕቅድ፣ ስለ በጀትና ስለ ጥገና ግን ዕድሜዬን የሠራሁበት ስለሆነ የምለው አለኝ። የምለውም በአጭሩ ይህ ነው። እዚህ ሀገር ኪነ ጥበብን ለመደገፍ የተመደበ የሕዝብ ገንዘብ አለ፤ ገንዘቡ የእኛም ነው። የማይደርሰን ስለተከለከልን ብቻ ሳይሆን ሊቀበለው የሚችል፣ ደንብና ዕቅድ ያለው ዕቃ ይዘን ስላልቀረብን ነው። ያንን ዕቃ የመሥራት ችሎታው ደግሞ በእጃችን አለ፤ ስሙ ዕድር ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የማን ገንዘብ ነው?

ብዙዎቻችን "ግራንት" ሲባል ምጽዋት ይመስለናል። ኩራታችንም አይፈቅድልንም። ነገር ግን ገንዘቡ ግብር ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ1961 እንግዳ ሆቴል ሲያድር ከሚከፍለው ግብር ለኪነ ጥበብ ድርጅቶች የሚውል ገንዘብ መመደብ ጀመረች፤ በ2018 ደግሞ መራጮቿ ከዚሁ ግብር የተወሰነው እጅ ለጥበብና ለባህል እንዲጠበቅ በድምፃቸው ወሰኑ። ሳን ሆዜም ከሆቴል ግብሯ አንዱን ድርሻ ለባህል ድርጅቶችና ለበዓላት ድጋፍ ታውለዋለች። የኦክላንድ መራጮች በ2009 "ሜዠር ሲ" የተባለውን ውሳኔ ሲያጸድቁ የሆቴሉ ግብር ከ11 ወደ 14 በመቶ አደገ፤ የተጨመረው 3 በመቶም ለከተማዋ የቱሪዝም ቢሮ፣ ለአራዊት ማቆያው፣ ለኦክላንድ ሙዚየም፣ ለቻቦ የኅዋና የሳይንስ ማዕከል እንዲሁም ለባህል ሥራዎችና ለበዓላት እንዲከፋፈል ተደነገገ።

ሁለተኛው ምንጭ ግንባታ ነው። ኦክላንድ ከ1989 ጀምሮ ከከተማዋ የግንባታ ወጪ 1.5 በመቶ ለሕዝባዊ የጥበብ ሥራ እንዲውል በሕግ ደንግጋለች፤ ሳን ሆዜም 1 በመቶ ትመድባለች። ከከተሞቹ በላይ በ1976 የተመሠረተው የካሊፎርኒያ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት አለ። ከዚያም በላይ በ1965 በሕግ የቆመው የፌዴራሉ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ድርጅት አለ።

እንግዲህ አስቡት። እንግዳውን ከሳን ሆዜ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ ሆቴል የሚያደርሰው ሾፌር ማን ነው? አልጋውን የምታነጥፈው፣ ሌሊት እንግዳ መቀበያው ላይ የምትቆመው ማን ናት? በኦክላንድ በቴሌግራፍ ጎዳና ላይ እንጀራ አቅርቦ የሽያጭ ግብር የሚከፍለው ማን ነው? ይህ ገንዘብ በእጃችን አልፎ የሚሄድ ገንዘብ ነው። ሌሎች ማኅበረሰቦች ተሰልፈው ድርሻቸውን ሲጠይቁ እኛ ከሰልፉ ውጭ ቆመን "ለእኛ ማን ይሰጠናል?" እንላለን። ሳይጠይቁ የቀሩትን የሚያስታውስ የከተማ ምክር ቤት የለም።

ኦክላንድ በ2018 "የኦክላንድ ሰው መሆን" በሚል መንፈስ የባህል ልማት ዕቅድ አወጣች። ዕቅዱ ባህል የኦፔራና የሙዚየም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ነዋሪው በሠፈሩ "ይህ ከተማ የእኔም ነው" እንዲል የሚያደርገው ነገር ነው ብሎ ይነሣል። ሳን ሆዜም ከ2011 እስከ 2020 የሚዘልቅ የባህል ዕቅድ ነበራት። እንዲህ ያሉ ዕቅዶች የሚጻፉት ነዋሪ ተሰብስቦ ሲናገር፣ መጠይቅ ሲሞላ ነው። የሚቀጥለው ዕቅድ ሲጻፍ ከእኛ መካከል ስንቶቻችን አዳራሹ ውስጥ እንገኛለን? ስለ ሀገር ቤት ፖለቲካ ስብሰባ ሲጠራ ሁለት ሰዓት መኪና የምንነዳ ሰዎች፣ አሥር ደቂቃ ርቆ ያለው የከተማ አዳራሽ ለምን ራቀን?

ልጓም ያለው ድጋፍ

ከመንግሥት ገንዘብ መሸሻችን ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በሀገራችን መንግሥት ኪነ ጥበብን ሲደግፍ ልጓሙን አብሮ ያስገባል።

ሀገር ፍቅር በ1935 ጣሊያን ሊወረን በተቃረበበት ጊዜ የተመሠረተው ሕዝቡን ለነፃነቱ ለመቀስቀስ ነበር። ዓላማው የተቀደሰ ነበር፤ ያፈራቸው ባለሙያዎችም ታላላቅ ናቸው። በ1955 ለንጉሡ የሃያ አምስተኛ ዓመት የዘውድ በዓል የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም እንዲሁ። ነገር ግን ሸክላ የማሳተም መብት ለአንድ የመንግሥት ተቋም ብቻ ተሰጥቶ ለብዙ ዓመታት ቆየ። በ1969 አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ያንን ሞኖፖል ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ባይጀምር ኖሮ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃችን ምን ያህሉ በደረቅ ሸክላ ላይ ተቀርፆ ይቀር ነበር? መንግሥት ቤቱን ሠራ፤ በሩን ግን ቆለፈው።

ደርግ ደግሞ በየክፍለ ሀገሩና በየቀበሌው የኪነት ቡድን አቋቋመ። የወሎው ላሊበላና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ እንደነማሪቱ ለገሠ ያሉትን ድምፆች ለሀገር አደረሱ። ከረሃቡ በኋላ "ሕዝብ ለሕዝብ" የተባለው ጉዞ ባህላችንን በብዙ ሀገሮች መድረክ አሳየ። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ቡድኑ ከፍቅር ዘፈኑ በፊት የአብዮቱን መፈክር ማሰማት ነበረበት። ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የሌሊት መድረክ ለዓመታት ዘጋው። ስንቱ ሙዚቀኛ ለኮንሰርት ወጥቶ በዚያው ቀረ!

ኢሕአዴግ በ1997 የባህል ፖሊሲ አወጣ። ወረቀቱ መልካም ነበር። ተግባሩ ግን በመንግሥት ጣቢያ የማይሰሙ ዘፈኖችና የሚታሠሩ አርቲስቶች ነበር። ከአንጋፋ ተዋንያኖቻችን አንዱ የነበረው ደበበ እሸቱ ከ2005 ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር እንደታሠረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ደግሞ በኮሪደር ልማት ስም በ2024 ካዛንቺስን ሲያፈርስ፣ የአዝማሪ ቤቶቹ መንደር አብሮ ፈረሰ፤ ፈንዲቃ የባህል ማዕከልም ከኖረበት ሥፍራ ለቀቀ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ አማረ። በዚያ ሠፈር ሌሊቱን ሙሉ ይፈስ የነበረው ግጥም ግን በየትኛው የበጀት መስመር ላይ ተጽፎ ነበር? በየትኛውም።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት "መንግሥት ኪነ ጥበብን አይንካ" የሚል አይደለም፤ ድጋፍ ያለ ቁልፍ ልጓም ይሆናል የሚል ነው። እዚህ ያለው አሠራር ሦስት ቁልፎች አሉት። የመጀመሪያው፣ የገንዘቡ ምንጭና ድርሻ በሕግ ወይም በመራጭ ድምፅ ይወሰናል እንጂ ከአንድ ሹም ኪስ አይወጣም። ሁለተኛው፣ ማመልከቻውን አንብቦ ነጥብ የሚሰጠው የሙያ ሰዎች ሸንጎ ነው፤ የከንቲባው ካድሬ አይደለም። ሦስተኛው፣ ማን ስንት እንደተሰጠው የሚታይ የሕዝብ መዝገብ ነው።

እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። በ2003 ካሊፎርኒያ የበጀት ቀውስ ሲገጥማት የኪነ ጥበብ ምክር ቤቷን የበጀት ድጎማ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር አወረደችው፤ በነፍስ ወከፍ ከሀገሪቱ ግዛቶች መጨረሻ ላይ ተቀመጠች። በ2020 ወረርሽኙ ሆቴሎቹን ባዶ ሲያስቀር ከሆቴል ግብር የሚመጣው ድጋፍም አብሮ ወደቀ። በግንቦት 2025 ደግሞ የፌዴራሉ ድርጅት ቀድሞ የሰጣቸውን ብዙ ድጋፎች በኢሜይል ሰረዘ። ስለዚህ በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት አንሠራም።

በአንድ ባለጸጋ ላይ መደገፍም ያው ነው። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያገናኘንና በ2010 እና በ2014 እዚሁ ሳን ሆዜ ድረስ የመጣው የእግር ኳስና የባህል ፌዴሬሽናችን በ2012 ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ዳላስ፣ ሌላው ዋሽንግተን ሲሰበሰብ አይተናል። ከጠቡ መሐል አንዱ የአንድ ከበርቴ ገንዘብ ጉዳይ እንደነበር የማያውቅ የለም። ፌዴሬሽኑን ያተረፈው የብዙ ትናንሽ ሰዎች ቲኬት ነው።

ሕንፃ ይቅደም?

በየማኅበራችን ስብሰባ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ሐሳብ አለ፤ "በመጀመሪያ ሕንፃ እንግዛ"። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ማኅበር ለሕንፃ መግዣ ብለን ለዓመታት አዋጥተናል። ሕንፃው አልተገዛም። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ግን ያኔ የአምስት ዓመት ልጆች የነበሩት አድገው ኮሌጅ ጨረሱ፤ አንድም የክራር ትምህርት ሳያገኙ። ሕንፃው ይጠብቅ ነበር፤ ልጅነት ግን አይጠብቅም።

መሐንዲስ ሕንፃ ሲያቅድ የሚጠይቀው ጥያቄ "ስንት ያስወጣል?" ብቻ አይደለም። "ማን ይኖርበታል? ጣራው ሲያፈስ በማን ገንዘብ ይጠገናል?" ብሎም ይጠይቃል። ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት እዚሁ ሳን ሆዜ ምሥራቅ ውስጥ አለ። ሴዛር ቻቬዝ በወይን አድማው ዘመን ከፊቱ ተሰልፎበት የነበረው የአንድ ገበያ መሬት ላይ በ1999 የሜክሲኮ ቅርስ ማዕከል ተከፈተ። ከተማዋ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣችበት ያማረ ግቢ፣ ቴአትር ቤትና የአትክልት ሥፍራ ነው። ነገር ግን እንዲያስተዳድረው የተቋቋመው ድርጅት የዕለት ወጪውን መሸከም አቃተው፤ ከተማዋ ለዓመታት ስትደጉመው ቆየች። ግቢው ነፍስ የዘራው ከ2011 ወዲህ የጥበብና የባህል ትምህርት ቤት ሆኖ ልጆች ከትምህርት በኋላ ሙዚቃና ጭፈራ ሊማሩበት ሲመጡ ነው። ማለትም ቀድሞ መምጣት የነበረበት ነገር ኋላ መጣ። ያ ቁጥሩ ከእኛ እጅግ የሚበልጥ፣ በከተማ ምክር ቤት የራሱ ተመራጮች ያሉት ሕዝብ እንዲህ ከተቸገረ እኛ ከጣራው ብንጀምር ምን እንሆናለን?

በተቃራኒው ከሰው የጀመሩትን እንመልከት። የጃፓን ከበሮ የሚመታው ሳን ሆዜ ታይኮ በ1973 በጃፓን ሠፈር ወጣቶች የተጀመረ ነው። ዛሬ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ይኸው አለ። የሕንዱ የሳሮድ ሊቅ አሊ አክበር ኻን በ1967 በበርክሌይ የሙዚቃ ኮሌጁን ሲከፍት በእጁ የነበረው ዋና ሀብት ዕውቀቱ ነበር፤ ኮሌጁ ከእርሱ በኋላም ቀጥሏል። በኦክላንድ አሊስ ጎዳና ላይ ያለው የከተማዋ የጥበብ ማዕከል ዛሬ በኮንጎው ተወላጅ በማሎንጋ ካስከሎርድ ስም ይጠራል። ሰውዬው የኮንጎን ጭፈራ ለዓመታት ሲያስተምር ኖሮ በ2003 በመኪና አደጋ ሞተ። በዚያው ዓመት ግድም ባለሙያዎቹን ከሕንፃው የማስወጣት ሐሳብ ሲነሣ ተማሪዎቹና ወዳጆቹ ተሰልፈው ተከራከሩ። ሕንፃው የከተማዋ ነው፤ ጥገናውም የከተማዋ ዕዳ ነው። ስሙ ግን የመምህሩ ሆነ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ይዘውት አልተደናገሩም፤ አስቀድመው አስተማሩ፣ ከዚያ ቤት ተሰጣቸው።

ከእኛም ምሳሌ አለ። አዲስ አበባ የተወለደችው ድምፃዊት ምክሊት ሐደሮ የጀመረችው ከትልቅ አዳራሽ አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ ሚሽን ሠፈር ሬድ ፖፒ በምትባል ትንሽ የጥበብ ቤት ነበር። ከዚያ ተነሥታ በ2011 ከግብፃዊው የሙዚቃ ምሁር ሚና ጊርጊስ ጋር የናይል ፕሮጀክትን መሠረተች፤ መንግሥታት በግድቡ ሲካሰሱ የዓባይ ተፋሰስ ሙዚቀኞችን በአንድ መድረክ አሰባሰቡ። ትንሽ ቤት፣ ክፍት በር፣ ጥቂት የሕዝብ ድጋፍ። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በታኅሣሥ 2016 በኦክላንድ "ጎስት ሺፕ" በሚባል መጋዘን የሙዚቃ ዝግጅት ላይ እሳት ተነሥቶ 36 ሰዎች ሞቱ። ሥፍራው ለመኖሪያም ለዝግጅትም ያልተፈቀደ ነበር፤ ወጣቶቹን ወደዚያ የገፋቸው የኪራይ ውድነት ነው። ስለዚህ "ርካሽ መጋዘን አግኝተናል" የሚል ሲመጣ በመጀመሪያ መውጫ በሩን ቁጠሩ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ፣ የከተማ መዝናኛ ማዕከልና የትምህርት ቤት ክፍል እያለ ልጆቻችንን ወደማይታወቅ ጣራ ሥር አናስገባም።

የክራር ዕድር

ወደ ዕቅዱ ልምጣ። የማቀርበው ዕድርን በሌላ ዓላማ ማቆም ነው። ዕድር የሚጸናበት ምክንያት አለው፤ ዓላማው አንድ ነው፣ መዋጮው ትንሽና የታወቀ ነው፣ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል፣ የሟቹን ፖለቲካም አይጠይቅም። ይህንኑ ለኪነ ጥበብ እናድርገው።

1ኛ/ ቆጠራ። ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ ማን ምን ያውቃል? ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ መንዙማ፣ ቅኔ፣ ሽለላ፣ ቴአትር፣ ሥዕል፣ ሽመና፣ ጥልፍ። የአማርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የትግርኛው፣ የጉራግኛው ሁሉ ይመዝገብ። ሦስት ወር በቂ ነው። ሀብቱን ያልቆጠረ ዕቅድ ሊያወጣ አይችልም።

2ኛ/ መዋጮ። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ላስላው። 300 ቤተሰብ በወር 10 ዶላር ቢያዋጣ በዓመት 36,000 ዶላር ይሆናል። አራት መምህራን በሳምንት ሦስት ሦስት ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት፣ በሰዓት 50 ዶላር ቢከፈላቸው 24,000 ዶላር ነው። የቀረው 12,000 ለመሣሪያ መግዣ፣ ለኢንሹራንስና ለመጠባበቂያ ይሆናል። ይህ ከአንድ ቤተሰብ በወር የሁለት ሰው ምሳ እንኳ አይሞላም።

3ኛ/ ሕጋዊ ሰውነት። የመንግሥት ድጋፍ የሚሰጠው በአብዛኛው ለትርፍ ላልቆመና ከግብር ነፃ ለሆነ ድርጅት ነው። ያንን ፈቃድ እስክናገኝ አንቀመጥም፤ ፈቃዱ ያለው ሌላ ድርጅት በእርሱ ጥላ ሥር እንድናመለክት ሊፈቅድልን ይችላል። "ፊስካል ስፖንሰር" የሚሉት ይህንን ነው፤ በአካባቢያችን ይህን የሚሠሩ የታወቁ የጥበብ ድርጅቶች አሉ። የእኛ መዋጮ ደግሞ ትልቁ የማመልከቻ ጉልበታችን ነው፤ ብዙዎቹ ድጋፎች "አንተ ምን አዋጣህ?" ብለው ይጠይቃሉና።

4ኛ/ መምህርና ደቀ መዝሙር። በ1997 የተቋቋመው የካሊፎርኒያ የባህላዊ ጥበባት ኅብረት አንድን የባህል ሊቅ ከአንድ ተማሪ ጋር አጣምሮ ለትምህርታቸው ገንዘብ የሚሰጥበት መርሐ ግብር አለው። ይህ ከአብነት ትምህርት ቤት በምን ይለያል? ለእኛ ተብሎ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። የመጀመሪያው ማመልከቻችን ወደዚህ ይሁን። ሁለተኛው ከተሞቹ ለበዓላት ወደሚሰጡት ድጋፍ፤ እንቁጣጣሽን በየምግብ ቤቱ ተበታትነን ከማክበር ወደ አደባባይ ለማውጣት።

5ኛ/ ግድግዳ። በደንቡ ውስጥ በትልቁ ይጻፍ፤ ክፍሉ ውስጥ የፓርቲ ስብሰባ የለም፣ የባንዲራ ክርክር የለም፣ የሃይማኖት ውድድር የለም። መምህሩ የሚመረጠው በችሎታው ነው፤ የሚመርጡትም ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ኮሚቴው ገንዘቡን ይጠብቅ እንጂ ምን ይዘፈን አይበል። ሀገር ቤት ያማረረንን ልጓም እዚህ እኛው ራሳችን አንሥራ።

6ኛ/ የተከፈተ መዝገብ። በየሦስት ወሩ የገባና የወጣ ይለጠፍ። የኮሚቴ አባል ከሁለት ዓመት በላይ በአንድ ወንበር አይቀመጥ።

7ኛ/ መለኪያ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ ተማረ? ስንቱ ቀጠለ? ስንት መምህር ደመወዝ አገኘ? የስንት አረጋዊ ዜማና ቃል ተቀዳ? መልሱ ካላማረ ዕቅዱ ይለወጣል። ሕንፃ የሚባለው ነገር የሚነሣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እነዚህ ቁጥሮች ሲጠይቁት ብቻ ነው።

"ሀገር እየተቃጠለ ስለ ክራር?"

ይህን የሚሉኝ ወዳጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጥያቄያቸውንም አልንቀውም። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ ጦርነት ያለቀውን ሕዝብ፣ ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሚፈሰውን ደም፣ በኦሮሚያ የሚታገተውንና የሚፈናቀለውን እያሰበ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው "ስለ እስክስታ ትምህርት እናውራ" ሲባል ቢቆጣ አይፈረድበትም። ለተፈናቀለው የሚላከው ገንዘብ ይላክ። ሰልፉም ይቀጥል። ከዚያ ላይ አንዲት ሳንቲም ይቀነስ አላልኩም።

ነገር ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ እኛ በስደት ሀገር ሆነን ስለ ዴሞክራሲያዊ ተቋም ለዓመታት ጽፈናል፣ ተናግረናል። ነፃ ተቋም ማለት ምን እንደሆነ የሚታየው ግን ትንሽ ገንዘብ ይዘን፣ የማይዋደዱ ሰዎችን በአንድ ደንብ ሥር አስቀምጠን፣ መዝገቡን ከፍተን ስንሠራ ነው። አርባ ልጆች የሚማሩበትን የክራር ክፍል ሳይጣላ ማስተዳደር ያልቻለ ማኅበረሰብ ስለ መቶ ሚሊዮን ሕዝብ አስተዳደር የሚሰጠው ምክር ማንን ያሳምናል?

ሁለተኛ፣ ይህ ሁሉ ጥላቻ ወደ ልጆቻችን የሚተላለፈው በእኛ አንደበት ነው። እዚህ የተወለደ የኢትዮጵያ ልጅ ስለ ሀገሩ የሚሰማው በሳሎን ከሚደረገው ጭቅጭቅ ብቻ ከሆነ፣ ሀገር ማለት ለእርሱ ጭቅጭቅ ነው። ክራር ግን የብዙዎቻችን ነው፤ የዚህም የዚያም ወገን እናት በክራር ዜማ አልቅሳለች። በአንድ ክፍል ተቀምጠው ቅኝት የሚያስተካክሉ ሕፃናት በመጀመሪያ የሚማሩት እርስ በርስ መደማመጥን ነው። እኛ አዋቂዎቹ ያቃተን ይኸው አይደለምን?

ምን ይደረግ?

የዕድር ዳኞች፣ የማኅበር ሊቃነ መናብርት፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አባቶች፣ የምግብ ቤት ባለቤቶች ሆይ! የምጠይቃችሁ አዲስ ማኅበር እንድታቋቁሙ አይደለም፤ ማኅበር ሞልቶናል። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ ጨምሩ፤ ከየዕድሩ ሁለት ሰው ለቆጠራው ይወከል። አንድ ከኦክላንድ፣ አንድ ከሳን ሆዜ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ደንቡን ይርቀቅ። እስከ መጪው እንቁጣጣሽ የመጀመሪያው ክፍል በአንድ የቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ይከፈት፤ አሥር ልጅ ቢሆንም ይበቃል።

ወጣቶቹ ደግሞ በከተማ ምክር ቤቱና በኪነ ጥበብ ኮሚሽኑ ክፍት ስብሰባዎች ላይ ተገኙ። ስብሰባው ለማንም ክፍት ነው፤ ተራ ይዞ ለጥቂት ደቂቃ መናገር የማንኛውም ነዋሪ መብት ነው። ሀገር ቤት ያለ ወገናችን ይህን በማድረጉ ብቻ የሚታሠርበትን ነገር እኛ እዚህ በነፃ አግኝተን ሳንጠቀምበት ብንቀር ታሪክም ልጆቻችንም ይጠይቁናል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ለሞታችን ተደራጅተን አሳይተናል፤ ለሕይወታችንም እንደራጅ።

ቸር ይግጠመን።